ኤሌክትሪክን ስለሚያስተላልፉና ስለሚከለክሉ ነገሮች

በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ልንገልጸው ያሰብነው፥ ኤሌክትሪክ በምን ውስጥ እንደሚያልፍና በምን እንደሚከለከል፤ ለዚሁም ሥራ ሰዎች የትኛውን ማዕድንና የትኛውን ዕቃ እንደ መረጡ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የኤሌክትሪክ መስመር ወደ አንድ መንደር በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ወጥቶ የሚመለከተው ምሰሶውንና ሽቦውን ነው። በምሰሶው ራስ ላይ፥ በሽቦውና በእንጨቱ መካከል የተቀመጠችውን እንደ ቡና ሲኒ ያለች ሸክላ ግን ልብ ብሎ የሚያያት ጥቂት ሰው ነው። እረኞች ልጆችም ቢያውቋት የወንጭፍ ዒላማ አድርገው ነው። ዳሩ ግን ሽቦው ኤሌክትሪኩን ከሩቅ አገር ሊያመጣው የቻለው እርሷ ስላለች ነው። እርሷ ባትኖር ኖሮ ኤሌክትሪኩ ምሰሶው በረጠበ ጊዜ በምሰሶው ወርዶ ወደ መሬት በገባ፥ በዚያም ተጠግቶ የቆመውን ሰውና ከብት በጐዳ ነበር። እንግዲህ ኤሌክትሪክን ወደምንፈልገው ስፍራ ለማምጣት ሁለት ዓይነት ነገር ያስፈልገናል፤ አንዱ መንገድ የሚሆነው ነው፥ ሁለተኛውም አጥር የሚሆነው ነው። የመጀመሪያውን አስተላላፊ፥ ሁለተኛውን ከልካይ እንለዋለን።

የጥንት ግሪኮች ደርቆ እንደ ድንጋይ የሆነውን የዛፍ ሙጫ በጨርቅ ቢያሹት ገለባ ወደ ራሱ እንደሚስብ ያውቁ ነበር፤ ኤሌክትሪክ የሚለውም ስም የመጣው በቋንቋቸው ያ ሙጫ ከሚጠራበት ቃል ነው። ነገር ግን ይህ ኀይል በአንዳንድ ነገር ውስጥ እንደሚሄድ፥ በሌላው ውስጥ ግን እንደማይሄድ እስከ 1729 ዓ.ም. ድረስ በሚገባ መርምሮ ያስረዳ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ነገሩን የገለጠው እስቲፈን ግሬይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው ቀድሞ ጨርቅ በማቅለም ሥራ ይኖር የነበረ፥ በእርጅናውም በሎንዶን በአንድ የጡረተኞች ቤት የተጠጋ ነበር። አንድ ቀን የብርጭቆ ቱቦ በእጁ አሽቶ ላባ ቢያስጠጋበት፥ ላባው ወደ ቱቦው ብቻ ሳይሆን የቱቦው አፍ ወደ ተወተፈበት ቡሽ ጭምር ሲሳብ አየ። ቡሹን ግን ማንም አላሸውም። ግሬይም ኀይሉ ከብርጭቆው ወደ ቡሹ ተሻግሯል ማለት ነው ብሎ አሰበና በቡሹ ላይ እንጨት፥ በእንጨቱም ጫፍ የዝሆን ጥርስ ድቡልቡል አድርጎ ሞከረው፤ እርሱም ላባውን ሳበ። ቀጥሎም በእንጨቱ ፈንታ ረጅም ሲባጎ አድርጎ ከፎቅ ላይ ወደ ታች አንጠለጠለውና በዚህም ኀይሉ ወርዶ አገኘው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለተማሪ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። ግሬይ ሲባጎውን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ለማስኬድ ፈልጎ ከጣራው ሰረገላ ላይ በሌላ ሲባጎ ቢያንጠለጥለው ኀይሉ ከመጨረሻው ሳይደርስ ቀረ። በሐምሌ ወር ኬንት በሚባለው አውራጃ ወደሚኖረው ወዳጁ ወደ ግራንቪል ዊለር በሄደ ጊዜ ይህንኑ ነገረው። ዊለርም ሲባጎውን በቀጭን የሐር ክር እናንጠልጥለው አለ። ቢያደርጉት ተሳካ። ሁለቱም የተሳካው ክሩ ቀጭን ስለሆነ ኀይሉ የሚያመልጥበት መንገድ ጠቦ ነው ብለው አመኑ። ርዝመቱን ሲጨምሩ ግን ሐሩ ከክብደቱ የተነሣ ተበጠሰ፤ እነርሱም ከሐሩ ይልቅ የቀጠነ ነገር ግን የጠነከረ የናስ ሽቦ በምትኩ አሰሩ። በዚህ ጊዜ ቱቦውን ምንም ያህል ቢያሹት በሲባጎው መጨረሻ ላባው ንቅንቅ አላለም። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠ፤ ኀይሉን የሚከለክለው የክሩ መቅጠን ሳይሆን ክሩ የተሠራበት ነገር ነው። ሐር ይከለክላል፥ ናስ ያስተላልፋል። ወደ ሐሩ ተመልሰውም ኀይሉን ከ200 ሜትር በሚበልጥ ሲባጎ ላይ አስኬዱት። በእኔ አስተያየት ያ የተበጠሰ ሐር ከብዙ የተሳካ ፈተና ይልቅ ጠቅሟል።

ሲባጎው ራሱ ለምን አስተላለፈ? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ዱ ፌ የሚባለው ፈረንሳዊ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ሲባጎውን በውሃ ቢያርሰው ከቀድሞው የተሻለ እንደሚያስተላልፍ አገኘ። ያስተላልፍ የነበረው የሲባጎው ጭረት ሳይሆን በውስጡ የነበረው እርጥበት ነው። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ከታች ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

የልዩነቱ ምክንያት ከ1897 ዓ.ም. በኋላ፥ ጆሴፍ ቶምሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ኤሌክትሮን የሚባለውን እጅግ ጥቃቅን ነገር ካገኘ ወዲህ ታውቋል። ማናቸውም ነገር በውስጡ ኤሌክትሮን አለው። በመዳብና በሌላውም ብረታ ብረት ውስጥ ከኤሌክትሮኖቹ አንዳንዶቹ በአንድ ስፍራ ያልታሰሩ ናቸው፤ በአንዱ ጫፍ የገፋቸው ኀይል ካለ በሽቦው ርዝመት ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ። በሸክላ፥ በብርጭቆ፥ በጎማና በሰም ውስጥ ግን እያንዳንዱ በቦታው ታስሮ ስለሚኖር ቢገፉትም አይሄድም። የሚገፋው ኀይል በቮልት፥ የሚያልፈው ብዛት በአምፔር፥ ዕቃው የሚያሳየው ተቃውሞ ደግሞ በኦም ይለካል። በአስተላላፊና በከልካይ መካከል ያለው ልዩነት በሰው አእምሮ የሚገመት አይደለም፤ የሲኒ ሸክላ ተቃውሞ ከመዳብ ተቃውሞ ጋራ ሲነጻጸር አንድ ቍጥር ጽፈን ከኋላው 18 ዜሮ ብንጨምርበት እንኳ አይደርስበትም። በሁለቱ መካከል የሚቆም ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ ከአሸዋ የሚወጣው ሲሊኮን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በጣራ ላይ ተዘርግቶ ከፀሐይ መብራት የሚሰጠውም ሰሌዳ የሚሠራው ከእርሱ ነው። ስለዚህ ወገን ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል እንጂ እዚህ አናስገባውም።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። ከማዕድን ሁሉ ኤሌክትሪክን አብልጦ የሚያስተላልፈው ብር ነው። የመዳብን ችሎታ 100 ብንለው ብር 105 ያህል፥ ወርቅ 70፥ አሉሚኒየም 61፥ ብረት ግን 17 ያህል ይሆናል። ብር መዳብን የሚበልጠው በጥቂት ስለሆነ፥ ዋጋው ግን እጅግ የራቀ ስለሆነ ለሽቦ የሚመረጠው መዳብ ነው። መዳብ እንደ ልብ ይሳባል፥ ይታጠፋል፥ ቶሎም አይበላሽም። ወርቅን ደግሞ የሚወዱት ስለማይዝግ ነው፤ ሁለት ጫፎች በሚነካኩበት በረቂቅ መሣሪያ ላይ በስሱ ይቀቡታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙው የቴሌግራፍ መስመር ዚንክ በተቀባ የብረት ሽቦ ይሠራ ነበር፤ ለመልእክት የሚበቃው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ የብረቱ ደካማነት አልከለከለውምና።

በረጅም መስመር ላይ መዳብን ያሸነፈው አሉሚኒየም ነው። ችሎታው ቢያንስም ክብደቱ እጅግ ቀላል ነው፤ አንድ ሊትር የሚሞላ መዳብ 9 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ የአሉሚኒየሙን ሽቦ አወፍረው ከመዳቡ ጋራ ችሎታውን እኩል ቢያደርጉት እንኳ ክብደቱ ግማሽ ያህል ይሆናል። ጕድለቱ በቀላሉ መበጠሱ ነው፤ እርሱንም በመካከሉ አረብ ብረት አግብተው ዙሪያውን በአሉሚኒየም በመጠቅለል አስተካከሉት፤ አንዱ ሸክሙን ይይዛል፥ ሌላው ኤሌክትሪኩን ይወስዳል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ እስከ ሱስዋ የሚዘልቀው መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በእንዲህ ያለ ርቀት ላይ በአንድ ሜትር ሽቦ የሚቀነሰው ክብደት ስንት የብረት ማማ እንደሚያድን አስሉት።

ክፉ አስተላላፊም ለበጎ ሥራ ይውላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን በቤቱ ያየዋል። ከምጣዱ በታች በቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ የተቀመጠው ሽቦ ኒኬልና ክሮም የሚባሉት ማዕድናት የተቀላቀሉበት ሲሆን፥ ተቃውሞው ከመዳብ 60 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ኤሌክትሪኩ በዚያ ውስጥ በጭንቅ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል፤ ቢግልም አይቀልጥም፥ ቶሎም አይበላም። በላዩ ያለው ሸክላ ደግሞ ሙቀቱን ያሳልፋል፥ ኤሌክትሪኩን ግን ይከለክላል፤ እንጀራ ጋጋሪዋ ሳትጐዳ የምትሠራው በዚህ ነው። ነገር ግን ምጣዱ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ሊጡ በስንጥቁ ወርዶ ሽቦውን ሊነካ ይችላል፤ እርጥብ ሊጥም ያስተላልፋል። ስንጥቅ ያለበትን ምጣድ ከመሶብ ጋራ እንደሚያኖሩት አሮጌ ዕቃ እያባበሉ መሥራት አይገባም። ደግሞም አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ስለሚፈልግ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ ለአምፑል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ሁሉ ቢሸከም እርሱ ራሱ እንደ ምጣዱ ሽቦ ይግልና ልባሱን ያቀልጣል። በቈጣሪው አጠገብ ያለው ቫልቮላ ይህ ከመሆኑ አስቀድሞ እንዲቀልጥ ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ የተሠራ አስተላላፊ ነው። እርሱ በተቃጠለ ቍጥር ወፍራም ሽቦ በቦታው የሚያስር ሰው ዘበኛውን አስወጥቶ በሩን ክፍት የሚተው ነው።

የከልካዮች ታሪክ ከሐር ጀምሮ ብዙ ነው። በመጀመሪያ ሽቦውን በሐርና በጥጥ ክር ይጠቀልሉት፥ በሰምና በዝፍትም ይቀቡት ነበር። በባሕር ውስጥ ለሚዘረጋ ሽቦ ግን ይህ አልበቃም። ከማላያ አገር ጉታ ፐርቻ የሚባል የዛፍ ወተት መጣ፤ ይህም ደርቆ በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ውሃ ሳያስገባ ብዙ ዘመን የሚኖር ነው። በ1858 ዓ.ም. ከአየርላንድ እስከ ሰሜን አሜሪካ በባሕር ወለል የተዘረጋው የመጀመሪያው ሽቦ በዚሁ የተለበሰ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችው 98 ቃል ብቻ ያለው መልእክት ለመድረስ 16 ሰዓት ፈጀ። ልባሱ ግን በየቦታው እኩል አልነበረም፤ በአንዳንድ ስፍራ መዳቡ ከልባሱ መካከል ወደ ጎን ዘንበል ብሎ አንዱ ወገን ስስ ሆኖ ቀርቶ ነበር። የሥራው ኤሌክትሪክ ዐዋቂ መልእክቱ ቶሎ እንዲሄድ ሲል እስከ 2,000 ቮልት የሚደርስ ግፊት ሰደደበት፤ ቀድሞውንም የደከመው ልባስ ከዚያ በኋላ ፈጽሞ ተበላሸና ሽቦው ሦስት ሳምንት ያህል ሠርቶ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ገንዘብና ያ ሁሉ መዳብ እስከ ዛሬ በባሕር ወለል ቀርቷል፤ ጕድለቱ ግን በመዳቡ ሳይሆን በልባሱ ነበር። በ1866 ዓ.ም. ወፍራም ልባስ ያለው ሌላ ሽቦ ተዘርግቶ ሥራው ተፈጸመ።

በየብስ ላይ ጎማ፥ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኋላም ልዩ ልዩ ፕላስቲክ ይህን ሥራ ተረከቡ። በቤታችን ያለው ሽቦ ልባሱ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፌስታል መጠቅለል ያው ፕላስቲክ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው። ፌስታል ግን እጅግ ስስ ነው፥ በፀሐይ ይሰነጠቃል፥ በሙቀት ይቀልጣል፥ በየጠቀለለውም መካከል ውሃ ያስገባል። ለዚህ ሥራ ናስትሮ የሚባለው መጠቅለያ አለ፤ ዋጋውም ከባድ አይደለም።

ከፍ ባለው መስመር ላይ ያለው ሽቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ልባስ የለውም። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ደግመን እንናገራለን፤ በገጠር ምሰሶ ላይ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የሚያልፍበት ሽቦ ራቁቱን ነው። ከእኛ የሚከለክለው በመካከሉ ያለው አየርና ያች ሲኒ የመሰለች ሸክላ ብቻ ናቸው። አየርም ቢሆን ልክ አለው፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር 30 ሺህ ቮልት ያህል ሲደርስበት ይሰበርና ብልጭ ብሎ ያስተላልፋል፤ መብረቅም የሚሆነው አየሩ ሲሸነፍ ነው። ወፍ በሽቦው ላይ ተቀምጦ የማይሞተው ሁለት እግሩ በአንድ ሽቦ ላይ ስለሆነ ነው፤ ክንፉ ሰፊ የሆነ ጥንብ አንሳ ግን ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ነክቶ ይሞታል።

ሸክላዋ እንደ ሲኒ በላይ በላዩ ቀሚስ ያላት ለጌጥ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ የላይኛው ገጽ ይርሳል፥ አቧራም ሲጨመርበት ጭቃ ሆኖ ያስተላልፋል፤ ከቀሚሱ በታች ያለው ግን ደረቅ ሆኖ ይቀራል፥ ኤሌክትሪኩም በገጹ ላይ ሊሄድ የሚገባው መንገድ ይረዝማል። ግፊቱ በበዛ ቍጥር ሸክላው ወይም ብርጭቆው እየተቀጣጠለ ይንጠለጠላል። በ132 ሺህ ቮልት መስመር ላይ 10 ያህል፥ በ400 ሺህ ቮልት መስመር ላይ ከ20 የሚበልጥ ይሆናል፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ከሩቅ አቁሞ እንዲቈጥሩ ቢያደርግ ግፊቱን በግምት ሊያሳያቸው ይችላል። በወንጭፍ የተሰነጠቀች አንዲት ሸክላ ግን በበጋ ምንም ሳትሆን ቈይታ በመጀመሪያው ዝናብ ሌሊት መንደሩን ሁሉ ታጨልማለች፤ የባሕር ዛፉም ምሰሶ በዚያች ሌሊት ረጥቧልና ወደ እርሱ የሚጠጋ ሰው ወይም በእርሱ የታሰረ ከብት በአደጋ ላይ ነው።

በትምህርት ቤት ይህን ሁሉ በትንሽ ዕቃ ማሳየት ይቻላል። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፥ አንድ የባትሪ አምፑልና ቍራጭ ሽቦ ካለ ይበቃል፤ ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ግን ለዚህ ፈተና በምንም ምክንያት አይነካም። ሽቦውን በአንድ ስፍራ ቈርጠው በመካከሉ ምስማር፥ ሳንቲም፥ የእርሳስ ልብ፥ የሸክላ ስባሪ፥ ቅል፥ ደረቅ እንጨት፥ ቀንድ፥ ሰም እያገቡ መብራቱ መብራት አለመብራቱን ይዩ። የእርሳሱ ልብ ብረት ሳይሆን ማስተላለፉ ልጆቹን ያስደንቃቸዋል። ቀጥሎ እርጥብ እንጨትና ጨው ያለበት ውሃ ሲያገቡ አምፑሉ አይበራም። በዚህ ጊዜ መምህሩ ዝም ብሎ ካለፈ ትምህርቱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ልጁ እርጥብ ነገር አያስተላልፍም ብሎ ይሄዳልና። አምፑሉ ያልበራው ውሃው ስለከለከለ ሳይሆን ያለፈው ጥቂት ስለሆነ ነው። የባትሪ አምፑል ለመብራት 200 ወይም 300 ሚሊ አምፔር ይፈልጋል፤ ሚሊ አምፔር ማለት የአንድ አምፔር አንድ ሺህኛ ነው። የሰውን ልብና ትንፋሽ ለማወክ ግን 30 ሚሊ አምፔር ይበቃል። አምፑል ሊያበራ የማይችል ኤሌክትሪክ ሰው ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

የሰው ገላም እንደ ሲባጎው ነው። ደረቅ ቆዳ እስከ 100 ሺህ ኦም የሚደርስ ተቃውሞ ስላለው 220 ቮልት ቢነካው 2 ሚሊ አምፔር ያህል ብቻ ያልፍበታል፤ ሰውየው ይደነግጣል እንጂ አይሞትም። ያው ሰው እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ወይም ባዶ እግሩን በጭቃ ላይ ቆሞ ቢነካ ተቃውሞው ወደ 1,000 ኦም ይወርዳልና 220 ሚሊ አምፔር ያልፍበታል። ትናንት ነክቼው ምንም አልሆንሁም ብሎ የሚመካ ሰው ትናንት እጁ ደረቅ እንደ ነበር አያውቅም። ጨው የሌለበት ጥሩ ውሃ እንኳ በጣም ጥቂት ነው የሚያስተላልፈው፤ የወንዝ፥ የጕድጓድ ውሃና ላብ ግን ጨው አያጡም።

በቤት ውስጥ ሰው ቢያዝ አስቀድሞ መብራቱን ከቈጣሪው ማጥፋት ነው። ይህ የማይቻል እንደ ሆነ በደረቅ ሳንቃ ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው መግፋት ይቻላል፤ በእጅ መጐተት ግን ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን በሁለት እጅ ደጋግሞ መጫንና ወደ ሐኪም መላክ ያስፈልጋል። ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ ግን ሌላ ነገር ነው። በ15 ሺህ ቮልት ፊት ደረቅ ብለን የያዝነው እንጨት ደረቅ አይደለም፤ በውስጡ የቀረው እርጥበት ይበቃዋል። መሬቱም ራሱ በሽቦው ዙሪያ ኤሌክትሪክ ይዟል። ስለዚህ ከሽቦው ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ ሰውንና ከብትን መከልከል፥ ለኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤትም ወዲያው ማስታወቅ ነው። አጠገቡ ሳያውቅ የደረሰ ሰው ቢኖር እግሩን አራርቆ መሮጥ የለበትም፤ ሁለቱን እግሩን አጋጥሞ ከመሬት ሳያነሣ ጥቂት በጥቂት እያንፏቀቀ ይርቃል።